እናቴ ሳታለቅስ አገር ያየችበት ቀን

ከአዲስ አበባ ተዛውራ እኛ ትምህርት ቤት የገባች አንዲት መምህርት አለች። ደብረ ማርቆስ በመጣች በሳምንቷ፣ "እሑድ እሑድ ወጣ ብላችሁ የምትዝናኑበት ቦታ የት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ መጣ። በእኛ አገር፣ በተለይ በእናቴ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ለመዝናናት ብሎ ከቤቱ አይወጣም። ምን አጥታ ነው የምትዞረው ይባላል። ሰው የሚወጣው ለቅሶ ሊደርስ፣ ተዝካር ሊበላ፣ ጠበል ሊጠመቅ ወይም ለማኅበር ነው። አገሩ ደግሞ ለጉድ ያምራል! ያን ሁሉ ያማረ አገር እኔ ያወቅሁት በሰው ለቅሶ ነው።

የዓባይን ሸለቆ ከደጀን አፋፍ ላይ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁት የአባቴ የአጎት ልጅ ሞቶ ስንሄድ ነው። መርጡለ ማርያምን የተሳለምኩት ከእናቴ የማኅበር ጓደኞች ጋር፣ አንዷ ልጇ ሞቶባት ልናስተዛዝናት ሄደን ስንመለስ ነው። አምበር ተዝካር፣ አማኑኤል ቀብር። ሌላው ሰው ፎቶውን በአልበም ያስቀምጣል፤ እኛ ቤት እያንዳንዱ ተራራ ሟች አለው።

እናቴ ደግሞ አገር ማየት ነፍሷ ነው። በሌላ አገር ብትወለድ ኖሮ ሻንጣ አንጠልጥላ ስትዞር ነበር የምትኖረው። እዚህ ሆነና የእድሩ ሚኒባስ ላይ በመስኮቱ በኩል ለመቀመጥ ሴቶቹን ስትቀድም ኖረች። ደህና ዕይታ ያለበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚመጣባት። "ኧረ በማርያም አቁምልኝ፣ ራሴን አዞረኝ!" ሹፌሩ ያቆማል። ትወርዳለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ገደሉ አፋፍ ላይ ትቆምና ታያለች። ሴቶቹ "አይዞሽ፣ ውኃ ጠጭ" ይሏታል። እኔ ግን ከጎኗ ስለምቆም ምን እንደምትል እሰማለሁ። "አቤት ሥራህ! አየሽው ያን ወንዝ? አየሽው?" ትለኛለች በሹክሹክታ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ተመልሳ ፊቷን ታጠቁርና የሟችን ደግነት ካቆመችበት ትቀጥላለች።

"አንድ ቀን እንዲሁ እንሂድ እንጂ እማ" እላት ነበር። "ምንም ሳይኖር፣ ለማየት ብቻ።"

"እንዲሁ? ጎረቤቱ ምን ይላል?" ትለኛለች። "ደግሞ ባዶ እጅሽን፣ ያለ ምክንያት፣ ሰው አገር ሄደሽ ገደል ላይ ትገተሪያለሽ? ነገርሽ ሁሉ!"

ያለ ምክንያት የምትሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ምክንያት ስላለው ነው። ታናሽ እህቷ የምትኖረው ከሮብ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ጮቄ ሥር ነው። አክስቴ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ተራራውን ፊት ለፊት ያየዋል። ጧት ጉሙ ሲነሣ፣ ከሰዓት ደግሞ ሲመለስ። ሁለቱ እህትማማቾች እዚያ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ድንች እየላጡ፣ ሰው እያሙ፣ ተራራውን እያዩ ይውላሉ። የአክስቴ ሐሜት የሚጥም ነበር። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ የምትስቀው እዚያ ብቻ ነው። ማታ ስትመለስ መልኳ ራሱ ይለወጣል።

ከዚያ መንገዱ መዘጋት ጀመረ። ለምን እንደተዘጋ እዚህ አገር ለሚኖር ሰው አይነገርም፣ ለማይኖር ሰው ደግሞ ተነግሮ አያልቅም። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስልኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። ሮብ ገበያ ማለት በደህና ጊዜ ጧት ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት ቦታ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ግን ሳይተያዩ ዓመት አለፋቸው፣ ከዚያ ሌላም ተጨመረ።

በዚህ መሃል የእናቴ ዓይን ታመመ። መጀመሪያ የቀረበላትን ብርጭቆ እየገፋች ስትጥል እርጅና ነው አልን። በኋላ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ግላኮማ ነው አለን። ዓይኗ ከዳር ከዳር እየጨለመ መጥቶ የቀራት ፊት ለፊቷ ያለው ብቻ ነበር፣ በበር ቀዳዳ እንደማየት። የጠፋው አይመለስም፣ የዓይን ጠብታ መድኃኒቱ የቀረውን ትንሽ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም አለ ሐኪሙ። አክሎም፣ "ጭንቀት አይበጃትም፣ አታስጨንቋት" አለ። ይህችን ቃል ባልተናገራት ኖሮ!

እናቴ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ወደ እኔና ወደ ታላቅ ወንድሜ ዞር ብላ፣ "እንግዲያው ሳይጨልምብኝ እህቴን አንድ ጊዜ ልያት። መልኳን ልያዘው። ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃዱ ይሁን" አለች። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። አዲስ አበባ ውሰዱኝ፣ ውጭ አገር ላኩኝ አላለችም። የእህቷን መልክ ነው የጠየቀችው።

ወንድሜ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል፤ የራሱ መኪና አለው። "መንገዱ ይከፈት እንጂ በማግሥቱ ነው የምወስድሽ" ብሎ ጉልበቷን ስሞ ማለ።

ሰኔ ላይ መንገዱ ተከፈተ። የእናቴን ደስታ ማን ይናገረው! ስኳሩን፣ ቡናውን፣ ለአክስቴ የገዛችላትን ሹራብ ሁሉ በአንድ ዘንቢል ከትታ በሩ ሥር አስቀመጠችው። ወንድሜ ግን፣ "ዝናቡ ጭቃ አድርጎታል፣ መኪናው አይወጣም" አለ። እኔ በሕዝብ መኪና ልውሰዳት አልኩት፤ ጮኸብኝ። "የታመመች ሴት ይዘሽ መንገድ ላይ ብትቀሪ ማን ይጠየቃል?" አለኝ። እውነት አለው ብዬ ተውኩት። ሌሎች መኪኖች ግን ድንች ጭነው ሲወርዱ በዓይኔ አይ ነበር። ሐምሌ ላይ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ፤ ዘንቢሉ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ክረምቱ ወጣ።

ጥቅምት ላይ እንደገና ተከፈተ ተባለ። ይህን ጊዜ ወንድሜ ራሱ መጥቶ፣ "እማ፣ ቅዳሜ እንሄዳለን" አላት። እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ እልል አለች። ምነው ሸዋ! አንቺ ሴትዮ ዓይንሽ ነው እግርሽ የዳነው ብዬ ሳቅሁባት። ጥበቡ አረንጓዴ የሆነውን፣ ለልጅ ልጇ ሠርግ ያሠራችውን ቀሚስ አወጣች። የወንድሜ ሚስት፣ "እትዬ፣ ለመንገድ ያኛው ነጩ ይሻላል፣ ይቆሽሽብዎታል" ብላ ለመነቻት። "ይቆሽሽ! ለእህቴ ነው የማምርላት" አለች እናቴ። ያኔም ነገሩ አልገባኝም።

ቅዳሜ ሲነጋጋ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋቢውን ለብሰው ከመኪናው ጋር መጡ። እሳቸውም ሊሄዱ ነው? አንዲት የአጎት ልጅም ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የወንድሜ ሚስት በፌስታል የታሠረ ልብስ እግሯ ሥር ስትደብቅ አየሁ። ጥቁር ነው። አጎቴ ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

"እህታችን ጳጉሜን ላይ አርፋለች" አሉኝ። "የዛሬው ተዝካሯ ነው።"

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አፌን በእጃቸው እንደያዙት ግን አስታውሳለሁ። "ተይ ልጄ! ትሰማሻለች። ሮብ ገበያ ዘመድ ቤት እናርፋለን፣ እህል እናስቀምሳታለን፣ ከዚያ እኔው እነግራታለሁ። መርዶ በወጉ ነው።"

ወጉ ይታወቃል። የሥጋ ዘመድ ሲሞት ለሐዘኑ ባለቤት እንዲሁ አይነገርም። ታላላቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ሰውየው እህል መቅመሱን አረጋግጠው ነው የሚያረዱት፤ ከመርዶ በኋላ ማንም ስለማይበላ። ደግ ወግ ነው። ግን ከጳጉሜን እስከ ጥቅምት? "አሁኑኑ እነግራታለሁ" አልኳቸው። "መንገድ ላይ ብትወድቅብሽስ? ልብስ የለበሰችበትን ደስታ አይተሽ በየት አፍሽ ነው የምትነግሪያት?" አሉኝ። እውነትም በየት አፌ? እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ከመኪናው ውስጥ ትጠራኝ ነበር። "ኧረ ነይ አንች! በመስኮቱ በኩል ለኔ ነው!"

ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ያለ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ከከተማው ወጥተን ባሕር ዛፉን እንዳለፍን ጉሙ ይነሣ ጀመር። ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ሰዎች ድንች ይቆፍራሉ፣ መንገዱ ዳር ጆንያው ተደርድሯል። እናቴ ጠቅላላውን በአንድ ጊዜ ማየት ስለማትችል አንገቷን ቀስ እያደረገች ታዞራለች፤ ኮረብታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁራሽ በቁራሽ ትለቅመዋለች።

"በግራ በኩል ምንድን ነው?" ትለኛለች።

"ገብስ ነው እማ።"

"አየሁት! አየሁት! በቀኝስ?"

"ፈረሶች አሉ። አንዱ ነጭ ነው።"

"ቆይ፣ አታሳልፉብኝ!"

መኪናው ውስጥ ከእሷና ለእሷ ከምመልሰው ከእኔ በቀር የሚናገር የለም። እሷም የሌሎቹን ዝምታ ልብ አላለችውም፤ ለራሷ ደስታ እንጂ ለእኛ ጊዜ አልነበራትም። ጮቄ ሙሉ ለሙሉ የሚታይበት ከፍታ ላይ ስንደርስ፣ ዛሬ ራሴን አዞረኝ አላለችም። ወንድሜን ትከሻውን መታ አድርጋ፣ "አቁም፣ አገር ልይ" አለችው። በግልጽ! ወረደች። ተራራው ላይ ደመና የለም፤ ሰማዩ ታጥቧል። ነጠላዋ በነፋስ እየተነሣ አፏን ሳትይዝ ቆማ አየች፣ አየች፣ አልጠግብ አለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ሳቀች።

"ዛሬስ ለማንም ሳላለቅስ አገር አየሁ" አለች። "ደስ ሲል! እንደዚህ ነው ለካ!"

አጎቴ ሳል የያዛቸው መስለው ወደ መኪናው ኋላ ሄዱ። የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ወንድሜን አየሁት፤ እሱ ጎማውን ያያል። ያን ጎማ የጠላሁትን ያህል በሕይወቴ የጠላሁት ነገር የለም።

ሮብ ገበያ ዘመድ ቤት ምሳ ቀረበ። እናቴ እጇን አልዘረጋም አለች። "እህቴ ሳትበላ እየጠበቀችኝ እኔ እዚህ ልብላ? ቀምሰሽ መጣሽ ብላ ዓመት ስትቀየመኝ ትኖራለች፤ አታውቋትም እንዴ?" አለች። አጎቴ ጉርሻ ጠቅልለው፣ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ብለው ለመኗት። የታላቅ ወንድም ልመና ነው፤ እንቢ አይባልም። ጎረሰች። ሁለተኛውንም ጎረሰች። እያላመጠች ሳለ የወንድሜ ሚስት መርዶው የተነገረ መስሏት ከጓዳ ጥቁሯን ለብሳ ወጣች። የቆመችው ደግሞ እናቴ ፊት ለፊት፣ በቀረቻት ዕይታ ልክ ነበር።

እናቴ ማላመጧን አቆመች። ጥቁሩን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች በዚያች ጠባብ ዕይታዋ ለቀመችው። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"መቼ?"

ማን ብላ አልጠየቀችም። "ጳጉሜን ላይ" አሉ አጎቴ። ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ አንዱም አልወጣቸው። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እናቴ ግን አፏ ውስጥ የነበረውን እህል በእጇ አውጥታ ገበታው ዳር አስቀመጠችና ተነሥታ ወጣች።

አክስቴ ቤት ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ማቅ የመሰለ ነገር ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀበለችን። እናቴን አቅፋ አነባች። እያነባች ነው ሁሉንም ያወጣችው፤ እሷ ምን አወቀች፣ እኛ የምናውቅ መስሏት ነው። እናቷ ከፋሲካ በኋላ መታመሟን፣ ሰኔ ላይ ብሶባት መተኛቷን፣ ድንች ሊጭን በመጣ መኪና "እህቴን ዓይኗ ሳይጠፋ፣ እኔም ሳልሞት አምጡልኝ" ብላ ለወንድሜ መላኳን። ሰው በመጣ ቁጥር ቀና እያለች በሩን ታይ ነበር አለች።

ሰኔ! ያኔ ነው ዘንቢሉ በራችን ሥር የነበረው። ጭቃ ነው ያለን ያኔ ነው።

እናቴ ወንድሜን በዓይኗ ፈለገችው። አንገቷን እያዞረች ሰው በሰው እየለቀመች መጨረሻ ላይ አገኘችው።

"ታውቅ ነበር?"

"እማ፣ ሐኪሙ አታስጨንቋት አለ። እንደዚያ ሆና ብታይያት ስታለቅሽ ዓይንሽ..." ቃሉን አልጨረሰውም።

"ዓይኔን ከእንባ ጠበቅህልኝ" አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "እሺ። ምን ላይበት?"

ወንድሜ መሬት ላይ ተደፋ። ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልዋሽ አልችልም፤ ያኔም አላሳዘነኝም፣ አሁንም አያሳዝነኝም። ለሷ ብዬ ነው ይላል። እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ሁሉ የሚሠራው ለሷ ተብሎ፣ ለእሱ ተብሎ ነው። የሚጠላን ሰው እንኳ እንዲህ አላደረገንም።

በዚያን ዕለት እናቴ አላለቀሰችም። ለማታውቃቸው ሟቾች ሁሉ በየመንደሩ ሙሾ አውርዳ ያለቀሰች ሴት፣ ለገዛ እህቷ አንዲት ጠብታ አልወጣትም። አልቃሾቹ ደረታቸውን እየመቱ በጎን እያዩዋት፣ "ልቧ ደንድኗል" ሲባባሉ ሰማሁ። በረንዳው ላይ ያንን አረንጓዴ ጥበቧን እንደለበሰች ተቀመጠች። ተራራው ፊት ለፊት ነው፤ ጀርባዋን ሰጠችው። ግድግዳውን ስታይ ዋለች። ስንመለስ በመስኮቱ በኩል እኔን አስቀመጠችኝ።

ከጥምቀት በኋላ ዓይኗ ፈጽሞ ጠፋ። ጠብታውን ከዚያ ቀን ጀምራ አልነካችውም፤ ብለምናት፣ ባለቅስባት፣ "ለማን ብዬ?" ትለኛለች። ወንድሜ እሑድ እሑድ ይመጣል። ይቅር ብየሃለሁ ብላዋለች፤ የንስሐ አባቷ ባሉበት ነው። ግን እጇን ሲስም እጇ በድን ነው። "እማ፣ እስቲ ወጣ እንበልና አየር ተቀበይ፣ ጨሞጋ ወንዝ ድረስ እንኳ" ይላታል። ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

የመጣባት ሌላ ነገር አለ። ሰው ሳያስበው ከመጣ፣ እኔ በድምፄ ትንሽ ከለሰለስኩ፣ ወይም ምሳ ብይ ብዬ አጥብቄ ከለመንኳት፣ "ስልኩን አምጭው" ትለኛለች። ያሉንን ዘመዶች በየተራ ታስደውለኛለች። ደህና ናቸው ብዬ መንገሬ አይበቃትም፤ ራሳቸው መናገር አለባቸው። ድምፃቸውን ሰምታ፣ "ደህና ዋል፣ ምንም አይደል፣ እንዲሁ ነው" ብላ ትዘጋዋለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ባለፈው እሑድ ሽሮ ሠርቼ ነበር። እጇን አስታጥቤ፣ "እንደው ዛሬ ደህና አድርገሽ ብይልኝ እማ፣ ከስተሻል" አልኳት። በላች። የሰጠኋትን ሁሉ፣ አንድ ሳታስተርፍ በላች። ደስ አለኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ስልኩን አስመጣች። ሁሉም አነሡ፣ አጎቴ ብቻ ቀሩ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም።

"ኔትወርክ የለም እማ" አልኳት። "በማርያም፣ ኔትወርክ ነው።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጥለቱን በጣቷ ዳብሳ አገኘችና እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለበሰችው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ እኔ አቀናች።

"በልቻለሁ" አለችኝ። "ተናገሪ።"